«የእርስዎስ ግፊት ስንት ነው?»

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ወረቀትም አልጽፍም። እዚህ ዳበል ግፊት ስለሚለኩልን ሴት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ «ጻፈው፣ ሌላው ይማርበት» ብለው ግን ፈቅደውልኛል።

ኬንያ በ2023 ከ100,000 የሚበልጡ የማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮችን ግፊትና ስኳር መለኪያ ያለበት ቦርሳ አስይዛ ቤት ለቤት አሰማርታለች። እኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን እንደምንላቸው በሉት። እትዬ አንዷ ናቸው። እናታቸው ከወዲያኛው ሞያሌ ስለነበሩ አማርኛ ይናገራሉ። በዚህ ፀሐይና አቧራ ሲዞሩ ይውላሉ፤ በገቡበት ሁሉ ሻይ ይቀርባል፣ ስኳሩ ከቅጠሉ የበዛ። እምቢ ማለት ነውር ነው። ምሳ ያልፋቸዋል፣ ማታ ያገኙትን ይበላሉ፣ ደግሞ ታማሚ አለ ተብለው በሌሊት ይቀሰቀሳሉ።

ባለፈው ወር ለክተውኝ 118 በ76 አሉኝ። «የእርስዎስ?» ብላቸው ሳቁ። «እኔ ደኅና ነኝ፣ ምንም አያመኝም።»

ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት እንደሌለው ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው! ከ140 በ90 ጀምሮ ያለው ከፍተኛ መሆኑንም እንዲሁ። ግድ ብዬ ማሰሪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለልኩ። 172 በ104። አረፍ ብለው ደገምን፤ 168 በ102።

ዝም አሉ። ቆይተው «ዕቃው የሰው ነው ብዬ እኮ ነው» አሉ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደው ተለኩ፣ ተመላልሰውም መድኃኒት ተጀመረላቸው።

እህቴ፣ አዲስ አበባ ሆነሽ ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ። ነርስ ነሽ፣ ተረኛ አዳሪ ነሽ። በአሜሪካ ነርሶችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ በ2011 የወጣ ጥናት፣ የሌሊት ፈረቃ የሠሩበት ዓመት በበዛ ቁጥር በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። እንቅልፉ፣ በውድቅት ሌሊት የሚበላው ምግብ፣ የክብደት መጨመሩ፣ ሁሉም አለበት። አንቺ ደግሞ በቡና ነው የምታነጊው። አባታችን ስኳር እንደነበረበት አትርሺ። መቼ ነው የተለካሽው? ውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ «ደኅና ነኝ» የሚል መልስ አልቀበልም።

እትዬ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣሉ። ከሻዩ ጋር ግን ገና አልታረቁም። ትናንት እኛ ቤት ሲመጡ ባለቤቴ ያለ ስኳር ቀዳችላቸው። ፉት አሉና ዞር ብለው አዩኝ፤ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»