የቡይት ራስ ጭላዳዎች

ከደባርቅ ስካውቱን (ጠባቂውን) አሳፍረን ወደ ስሜን ተራሮች ሽቅብ ወጣን። ቡይት ራስ ስንደርስ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወርጄ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ጭላዳዎቹ ሜዳውን ሞልተው ቁጢጥ ብለዋል፤ በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ይበላሉ፤ እኛን ከጉዳይም አልቆጠሩን። አንዱ አውራ ጎፈሩን ለነፋስ ሰጥቶ ቀይ ደረቱን ሲያሳየኝ ልቤ እዚያው ቀረ። ገደሉን ለማየት እንኳ ዘግይቼ ነው የዞርኩት።

«እቺን እያት» አለኝ ስካውቱ። ልጇን ያዘለች እናት ጭኗ ላይ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ተንጠልጥሏል።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?»

«ትል ነው ልጄ። ውኃ ቋጥሮ ይቀመጣል።»

«ኮሶ ቢያጠጧት አይለቃትም?»

«ኮሶማ የሆድ ነው፤ ይሄ የቆዳ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ልክ ነው። እብጠቱን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጭላዳን ያጠኑ ተመራማሪዎችም አይተውታል። ከኮሶ ትል ዘመዶች የአንዱ እጭ እንደሆነ ይገመት ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ግን፣ እጮቹ በመልክ ስለሚቀራረቡ፣ በማይክሮስኮፕ መቁረጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከአንዲት የስሜን ጭላዳ እብጠት ናሙና ወስዶ ዲኤንኤውን አነበበ፤ ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ሲያስተያየው ቴኒያ ሴሪያሊስ ሆኖ አገኘው። ጎልማሳው ትል የውሻና የቀበሮ ወገን አንጀት ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ እጩ የሚያድገው በተለይ ሣሩን በጋጠች ጥንቸል ሥጋ ውስጥ ነው። ሣር በል የሆነው ጭላዳ ሳይጠራ የገባ እንግዳ ነው።

የሰው ሐኪም ቤትም ዲኤንኤ አንብቦ የመለየት ዘዴ አለው። ላቦራቶሪ ያሳደገው ባክቴሪያ በቀለምም በኬሚካልም አልለይ ካለ 16ኤስ የተባለው ጂን ይነበባል፤ 1,500 ያህል ፊደል ነው። ባክቴሪያ ሁሉ ይህ ጂን አለው፤ አጻጻፉ ግን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የሳንባ ነቀርሳ ሲሆን ንባቡ ከዚህም ይሰፋል። የአክታ ምርመራ ላይ ባክቴሪያው ሁሉ ያው ቀይ ዘንግ ነው። ሙሉ ዲኤንኤው ሲነበብ ግን ወልዲያ አካባቢ ከተገኙት አንዳንዶቹ ከታወቁት ስድስት የዘር ሐረጎች ውጭ ሆኑ፤ ሰባተኛው ሐረግ ተባሉ። ይህም የታተመው በዚያው በ2013 ነው። የወሎንና የስሜንን ተራሮች ለሚወድ ሰው ደግ ዓመት ነበር።

የጭላዳዋ ዓይነት እብጠት ሰውንም አልፎ አልፎ ይይዛል፤ መንገዱ ያው የትሉን እንቁላል መዋጥ ነው። ሣሩ ላይ በጀርባዬ ልንጋለል ያልኩት ቀረና ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ከጀሪካኑ ውኃ አስፈስሼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ስካውቱም እጁን ዘረጋ።

«ለእኔም ጨምሪ» አለኝ።