ውሮና ሁለቱ ክሊኒኮች

በአገራችን ድመት ደመወዝ የሌላት ዘበኛ ናት። አይጥ እስከያዘች ድረስ ማጀት ውስጥ ትኖራለች፤ ካልያዘች ዕድሏን ራሷ ትፈልጋለች። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለን ተርተንባታል እንጂ ሐኪም ቤት ወሰድናት ሲባል ስንቶቻችን ሰምተናል? እንግዲህ አንድ ሐበሻ ተማሪ፣ ያውም ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና እያቆመ የሚማር፣ «ድመቴን የት ላስመክን? የግል ሐኪም ዘንድ ወይስ ርካሹ ክሊኒክ?» እያለ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣ ቢባል አንባቢ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ፤ ግድ የለም። ነገሩ ግን የድመት ብቻ አይደለም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአክስቴ ጋር ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ነው። ድመቷን ከሥራ ቦታ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አክስቴ «ውሮ ውሮ» እያሉ ሲጠሯት ስሟ ውሮ ሆኖ ቀረ። አምስት ወር ሲሞላት የማምከኑ ነገር መጣ። ድመት ገና በ4 ወይም በ5 ወሯ ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ነው። ወልዳ እያጠባች እንኳ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ወንድ ስትፈልግ የምታሰማውን ዋይታ ደግሞ የሰማ ያውቀዋል፤ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ጎረቤታችን ቁጡ። ከዚህ ሌላ ስድስት ወር ሳይሞላት የመከነች ድመት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ እጅግ ይቀንሳል፤ ማሕፀን መግል ቋጥሮ የሚገድለው በሽታም አያሰጋትም። ስለዚህ «ይሁን ወይስ አይሁን» የሚለው ለእኔ ቶሎ አለቀ። የቸገረኝ «የት» የሚለው ነው።

ሁለት ቦታ ስልክ ደወልኩ። የግሉ ሐኪም ቤት 480 ዶላር አለኝ። በእርዳታ የሚሠራው ክሊኒክ 95 ዶላር። ፓርኪንጉ በሰዓት 18 ዶላር ይከፍለኛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ግብር ሳይነካው ወደ 27 ሰዓት ሥራ ነው፣ ሁለተኛው አምስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። በመሐከሉ ያለው 385 ዶላር የመጽሐፌ ዋጋ ነው፤ ወይም ለእናቴ የምልከው ነው፤ ወይም ሁለቱም።

አክስቴ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ የተቃወሙት ዋጋውን አልነበረም። «እግዜር የሰጣትን ማሕፀን አንተ ማን ነህና ታስወጣለህ?» አሉኝ። «ልጆቿንስ ማን ያሳድጋቸው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። በማግሥቱ ቡና ሲያፈሉ ያለወትሯቸው ቀስ ብለው አጫወቱኝ። በልጅነታቸው የቤቱ ድመት በወለደች ቁጥር ግልገሎቹን በጆንያ አድርገው ወንዝ ማዶ ጥለው እንዲመጡ የሚላኩት እሳቸው ነበሩ። «ዓይናቸው እንኳ አልተከፈተም ነበር» አሉ። «እኔ እየሮጥኩ ስመለስ ድምፃቸው ይከተለኛል።» እኔም አሜሪካን አገር ቢሆን ጆንያው መልኩን ለወጠ እንጂ እንዳልቀረ ነገርኳቸው፤ ዛሬም በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ድመቶች ወሳጅ አጥተው በየመጠለያው በመርፌ ይሞታሉ። አክስቴ ሲኒውን አስቀመጡና «እንግዲያውስ አስመክናት። ግን ርካሹ ጋ አትውሰዳት» አሉ።

«ለምን?»

«ርካሽ ሐኪም ማለት በድሃ ላይ የሚለማመድ ሐኪም ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

ይህን ቃል ቀላል አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም። አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርካሹ በር የገቡ ሰው ናቸው። ወረፋ ይዘው ውለው «ነገ ተመለሽ» የተባሉ፣ ሲታከሙም ቀና ብሎ የሚያያቸው ያጡ ናቸው። ለእሳቸው «ርካሽ» ማለት ዋጋው ያነሰ ማለት አይደለም፤ የተናቀ ማለት ነው። ታዲያ ውሮን በዚያ በር ማስገባት ንቀቱን ወደ ቤት ማምጣት መሰላቸው። እውነቱን ለመናገር የእኔም ፍርሃት ይኸው ነበር። እንስሳዋ አፍ የላት። ቢበድሏት ማን ይነግረኛል?

ስለዚህ 385 ዶላሩ ምን እንደሚገዛ ለማወቅ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፤ ስልክም ደጋግሜ ደወልኩ።

የግሉ ሐኪም ቤት የሚሸጠው በአብዛኛው ጊዜና ትኩረት ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደም ይመረምራል፤ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ በቀን ጥቂት እንስሳ ብቻ ይቀድዳል፤ አንድ ረዳት ትንፋሿንና የልብ ምቷን ስትጠብቅ ትውላለች። የሕመም ማስታገሻና ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚጠለቀው እንደ ጥሩምባ አፍ የሰፋ ፕላስቲክም ሒሳቡ ውስጥ አለ። ፋይሏ እዚያው ስለሚቀመጥ በዓመቱ ብትታመም የሚያውቃት ሐኪም አለ ማለት ነው። የሕንፃው ኪራይም እዚያው ሒሳብ ላይ ያርፋል።

ርካሹ ክሊኒክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ የሎስ አንጀለስ ከተማ እንዲህ ያለውን ክሊኒክ በሕዝብ ገንዘብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። በ1994 አሽቪል፣ ሰሜን ካሮላይና የተቋቋመው «ሂዩመን አላያንስ» ደግሞ ብዙ እንስሳ በአንድ ቀን በጥራት የማምከንን ዘዴ አደራጅቶ ለሌሎች ሐኪሞች አስተማረ። እንዲህ ባለው ክሊኒክ አንድ ሐኪም በቀን 30 እና ከዚያም በላይ እንስሳ ሊሠራ ይችላል። «ሠላሳ!» ብዬ ደንግጬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ያው የእኛው የባልትና ነገር ነው፤ በየቀኑ እንጀራ የምትጋግር ሴትና በዓመት አንድ ጊዜ ምጣድ የምትጥድ ሴት እኩል አይጋግሩም። አንድ ዓይነት ኦፕራሲዮን በሺህ ጊዜ የሚቆጠር የሠራ እጅ ቶሎ ይጨርሳል፤ ቀዳዳውም ትንሽ ነው፤ እንስሳዋም ማደንዘዣ ውስጥ የምትቆየው አጭር ጊዜ ነው። የመጠለያ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ለዚህ ሥራ መመሪያ አውጥቷል፤ በ2008 የወጣው በ2016 ታድሷል። እያንዳንዱ እንስሳ በሐኪም እንዲመረመር፣ የሕመም ማስታገሻ እንዲያገኝ፣ ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ እንዲጠበቅ ይላል።

ታዲያ ለምን ረከሰ? አንደኛ፣ በብዛት ስለሚሠራ። ሁለተኛ፣ ቀሪውን ሌላ ሰው ስለከፈለው። ለጋሾች አሉ፤ አንዳንድ ቦታ ከተማውም ያዋጣል። ያ 95 ዶላር የኦፕራሲዮኑ ዋጋ ሳይሆን የእኔ መዋጮ ነው። ይህን ሳውቅ ያ የንቀት ነገር ከልቤ ላይ ተነሣ። ርካሹ በር ሁሉ የንቀት በር አይደለም፤ አንዳንዱ ብዙ ሰው ደግፎ የከፈተው በር ነው።

ቢሆንም በስሜት ብቻ አልወሰንኩም። ክሊኒኩን አራት ነገር ጠየቅሁ። የሚቀድዳት ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው ወይ? የሕመም ማስታገሻ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ማደንዘዣ ውስጥ ሳለች የሚጠብቃት ማን ነው? ስፌቷ ሌሊት ቢፈታ የት ልደውል? ስልክ ያነሣችው ሴት ሦስቱን ሳታመነታ መለሰች። በአራተኛው ላይ «ሌሊት እኛ ዝግ ነን፤ የድንገተኛ ሐኪም ቤት ትወስዳታለህ፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው» አለችኝ። ይህን ስላልደበቀች አመንኳት። ስለዚህ ከተረፈው ገንዘብ 200 ዶላሩን ለክፉ ቀን ለብቻ አስቀመጥኩ። የግሉን ሐኪም ቤትም ያንኑ ጠየቅሁ፤ ለካ እነሱም ሌሊት ዝግ ናቸው!

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ልናገር። ውሮ ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት። ስምንት ዓመት የሞላት ብትሆን፣ ልቧ ላይ እንግዳ ድምፅ ቢሰማ፣ ወይም ከስታ ብታስል፣ የግሉ ጋ እወስዳት ነበር፤ ተበድሬም ቢሆን። ደም የሚመረምር፣ ፈሳሽ የሚሰጥ፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ የሚውል ሰው ያኔ ትርፍ ወጪ አይደለም። ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» ሳይሆን «የቱ ለየቷ?» ነው።

ማክሰኞ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስረከብኳት። ወረፋው ላይ የቀን ሠራተኛም ነበረ፤ ከውድ መኪና የወረደ ሽማግሌም ነበረ፤ ሦስት ድመት በሦስት ሣጥን የተሸከመች ሴትም ነበረች። ማንም ማንንም አላፈረበትም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስትሰጠኝ ሆዷ ላይ ካለው ትንሽ ስፌት አጠገብ አንድ አረንጓዴ መስመር ተነቅሳለች። ወደ ፊት ብትጠፋና ሌላ ሐኪም እጅ ብትገባ «ይህቺስ መክናለች» ብሎ ሁለተኛ እንዳይቀድዳት ነው። አክስቴ ንቅሳቱን አይተው «እንደኛ ናት እንዴ!» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ወረቀቱ እስከ 10 ቀን እንዳትዘል፣ እንዳትታጠብ፣ ቁስሏን እንዳትልስ ይላል። አክስቴ የራሳቸውን ጨመሩበት፦ ቁስል ያለበት እያለ ሽታ አይነሣም፤ ምች ይመታታል። ስለዚህ አምስት ቀን ሙሉ ቤታችን ሽንኩርት አልቁላላም፤ እኔም ዳቦ በሻይ እየበላሁ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ነጠላቸውን ደርበው አጠገቧ ተቀምጠው አነጉ። ያንን የሚያህል ጥበቃ በ480 ዶላርም አይገዛም።

ቁስሏ ደርቋል። 200 ዶላሩ ሳይነካ ቀረ፤ ከእሱ ላይ 40ውን ለክሊኒኩ ሣጥን ጨመርኩ፤ የእኔንም ድመት ቀሪ ሒሳብ የማላውቀው ሰው ነው የከፈለው። የቀረው ለእናቴ ሄደ። «ከየት አመጣኸው?» ብትለኝ «ከድመት» አልኳት፤ እስካሁን አላመነችኝም።