ስለ ቀለብና ስለ ናፍጣ ዕዳ



በመተማ ቆላ ሰሊጥ ለሚያርስ ቤተሰብ ሁለት ከባድ ወጪዎች አሉበት፤ አንዱ የሠራተኛ ቀለብ፥ ሁለተኛው የትራክተር ናፍጣ ነው። ሁለቱም የሚፈለጉት በክረምት ሲሆን ገንዘብ የሚገኘው ግን ሰሊጡ ታጭዶ ሲሸጥ ነው። እኛም አንድ ዓመት ሁለቱንም ከነጋዴ በዱቤ ወስደን፥ ሰሊጡን እርሱ አስቀድሞ በቆረጠው ዋጋ ልናስረክብ ተስማማን። ኅዳር ሲደርስ ገበያው ከዚያ እጅግ በለጠ፤ ለልጆቻችን ትምህርት ያሰብነው ትርፍም በዚያው ቀረ። ባለቤታችን አንዳች አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

በቅርቡ በአሜሪካ የሚኖር ወንድማችን፥ ለምግብና ለነዳጅ ካወጣው ከመቶ ሦስት የሚመልስለት የዱቤ ካርድ መምረጡን አጫወተን። «ዕዳው በወሩ ባይከፈልስ?» ብለን ብንጠይቀው፥ «በዓመት ከመቶ ከሃያ የሚበልጥ ወለድ ይታሰብብኛል» አለን። እንግዲህ ሦስት ተቀብሎ ሃያ መክፈል ምን ትርፍ አለው?

በአገራችንም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ዋጋ በስልክ ይከፈላል፤ ቴሌብርም ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ «እንደኪሴ» የተባለ ብድር በ2014 ዓ.ም. አምጥቷል። መንገዱ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው፤ መቼ ይከፈላል? ቢዘገይስ ምን ይጨመርበታል?

ዛሬ ሰሊጡ እንደተሸጠ፥ ልብስም ሆነ ድግስ ሳይታሰብ፥ የመጪው ክረምት ቀለብና ናፍጣ ዋጋ አስቀድሞ ይቀመጣል። የጎደለውን ብቻ እንበደራለን፤ መዝገቡንም የምትይዘው ባለቤታችን ናት።