የጥርስ ዋጋና የመንገድ ርቀት

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር በሌላ አገር ርካሽ መሆኑን ስትሰማ፥ ልብህ ወዲያው ለመንገድ ይነሣ ይሆናል። እኔ በምኖርባት በቪየና ሰው ሠራሽ ጥርስ በአጥንት ላይ ለማስተከል የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ ነው። ስለዚህ በርካታ ኦስትሪያውያን ድንበር ተሻግረው፥ ሾፕሮን ወደምትባለው የሀንጋሪ ከተማ ይሄዳሉ። አንድ የመንጋጋ ጥርሴ በተነቀለ ጊዜ እኔም ይህንኑ አሰብሁ፤ ሆኖም ከዋጋው አስቀድሜ የሥራውን ጠባይ መረመርሁ።

የሚተከለው ጥርስ ሥሩ የቲታኒየም ብሎን ነው። ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ተረድቶ፥ በ1965 እ.ኤ.አ. በሰው መንጋጋ የተከለው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነበር። ውሕደቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ ከላይ የሚታየው ጥርስ የሚገጠመውም በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ መንገዱ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ነው። ብሎኑ ቢላላ ወይም ድዱ ቢያመረቅዝ ደግሞ ሦስተኛ ይጨመራል። አጥንቱን ሳይጠብቅ የሚጣደፍ ሰው፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል።

ስለሆነም ሒሳብህን ስታወጣ የመጓጓዣውን፥ የማደሪያውንና ከሥራ የምትቀርበትን ቀን ደምር። የተተከለልህን ብሎን ዓይነትና መጠንም በጽሑፍ ተቀበል፤ ሌላ ሐኪም ይህን ካላወቀ ለመጠገን ይቸገራልና። እኔ ሾፕሮንን የመረጥሁት፥ በባቡር ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ቢያመኝ በዕለቱ ደርሼ እመለሳለሁ። በአውሮፕላን የሚኬድበት ሩቅ አገር ቢሆን ግን፥ ዋጋው በግማሽ ቢቀንስም በተውሁት ነበር። አንተም «ስንት ነው?» ብለህ ስትጠይቅ፥ «ቢበላሽ ማን ያየኛል?» ማለትን አትርሳ።