ጥቁር ናስትሮ

ለንስሐ አባቴ ከተናዘዝኩት ውስጥ ይህ የለበትም። ስለ ኮይልና ስለ ካንዴላ ለካህን ምን ይባላል ብዬ ዝም አልኩ፤ ነገሩ ኃጢአት መሆኑም ለረጅም ጊዜ አልታየኝም። የበደልኩት ግን የሐረርን የጋራዥ ሰዎችና የፔጆ ባለቤቶችን ስለሆነ፣ እነሱ ሊያነቡት በሚችሉበት ቦታ እጽፈዋለሁ።

ሐረርን የሚያውቅ ፔጆ 404ን ያውቃል። ፋብሪካው ያወጣት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ፈረንሳይ አገር የቤት መኪናዋ ምርት በ1975 ቢቆምም እኛ ዘንድ ታክሲ ሆና፣ ፒክአፗም ጭነት እየጫነች፣ ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ስትመላለስ ኖራለች። አካሏ ጠንካራ ነው። የሚደክመው ሞተሯ ነው፤ መለዋወጫው ሲጠፋ ባለቤቱ የቶዮታ ሞተር ይገዛል። ሜካኒኩ ሞተሩን በይዶና አስሮ ሲጨርስ መኪናዋ ወደ እኔ ትመጣለች፤ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል። ባትሪ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ኮይል አለ፤ በሽቦ ማገናኘት ነው። ነገር ግን አንዳንዱ የጃፓን ኮይል ሙሉ 12 ቮልት የሚፈልገው ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ኤሌክትሪኩ በሬዚስታንስ በኩል ቀንሶ ሊደርሰው ይገባል። የፔጆዋ ቁልፍ ይህን አያውቅም፤ 12ቱን በቀጥታ ይሰጣል። እንዲሁ ከቀጠልከው ኮይሉ ይግላል፣ የዲስትሪቡተሩም ኮንታክት ይቃጠላል። የካንዴላው አቆጣጠርም አለ። ፔጆ አንደኛ ሲሊንደር የሚለው ከኋላ፣ በቮላኖው በኩል ያለውን ነው፤ ቶዮታ የሚቆጥረው ከፊት፣ ከቬንትሌተሩ በኩል ነው። የሁለቱም የማቀጣጠል ተራ አብዛኛውን ጊዜ 1-3-4-2 ስለሆነ በፔጆ የለመደ እጅ ሳያስብ ከኋላ ይጀምራል፤ ያኔ ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል ይተኩሳል እንጂ አይነሣም። ከሁሉም የሚያስገርመው ሦስተኛው ነው። የድሮው ዲናሞ ወጥቶ አልተርኔተር ሲገባ፣ ቁልፉን አጥፍተህ ሞተሩ አልጠፋ የሚልበት ጊዜ አለ። ከአልተርኔተሩ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በቻርጅ መብራቷ ሽቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮይሉን ይመግባል። መድኃኒቱ በዚያች ሽቦ ላይ የምትገባ የጥፍር ያህል ዳዮድ ናት።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ኑዛዜዬም ይኸው ነው፤ አውቄ ደበቅሁት። ከቁልፉ እስከ ኮይሉና እስከ አልተርኔተሩ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሽቦ እዘረጋ ነበር። ዳዮዷንና ሬዚስታንሱን መሐል ላይ አስገብቼ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ናስትሮ እጠቀልል ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ "ከሙቀት እንዲጠበቅ ነው" እል ነበር። እኔ ግን የምጠቀልለው መኪናዋ ስትበላሽ ከእኔ ሌላ የሚፈታት እንዳይኖር ነበር።

ይህ ጠባይ ከየት መጣብኝ ብዬ ራሴን መርምሬአለሁ። ያስተማሩኝ ሰው ድሬዳዋ ሸሚናደፈር ወርክሾፕ ያደጉ ባለሙያ ነበሩ። ዋናው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን ይሰጡን ነበር። "ሙያ በልብ ነው" ይሉ ነበር፤ እኔም በዓይኔ ሰርቄ ተማርኩ። እሳቸውን አልከስም፤ ለእኔ እንጀራ ሰጥተውኛል። ግን የተሰረቀ ሙያ የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ እንደ ሌባ ያያል፤ እኔም እንደዚያ ሆንኩ። አንድ ረዳት ነበረኝ፣ እጁ ንጹሕ፣ ጠያቂ ልጅ። "ጋሼ፣ ይቺ ሽቦ የት ነው የምትገባው?" ባለኝ ቁጥር ሻይ አምጣ ብዬ እልከው ነበር። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ኤሌክትሪሺያን መሆን የነበረበት ልጅ ነው፤ ያሰናከልኩት እኔ ነኝ።

ልቤን የሰበረው ግን ምስጋና ነው። ከአወዳይ ጫት ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ፒክአፕ ደንገጎ ላይ ሌሊት ቆመ። ያገኘው ኤሌክትሪሺያን ናስትሮውን ቀዶ ሲያይ ሁሉም ሽቦ ጥቁር ሆነበት፤ የእጅ መብራቱን አጥፍቶ ሄደ። ጫት ደግሞ አይጠብቅም፤ ሲነጋ ገበያው አልፎበታል። እኔ ደርሼ የላላችውን የሬዚስታንስ ሽቦ በሻይ መጠጫ ጊዜ ውስጥ አጠበቅሁለት። ሾፌሩ ሒሳቤን ከፍሎ "አላህ ይጨምርልዎ ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለኝ። እኔ ባልኖር ኖሮ ያ ሽቦ ቀለም ይኖረው ነበር፤ በዚያ ሌሊት ሌላ ሰው በቶሎ ያቃናው ነበር። ይህን ለመናገር አፌ አልታዘዘም፤ ገንዘቡን ተቀበልኩ።

ስግብግብነት ብቻ ነበር ብል እውነቱን አጎድላለሁ። ፍርሃትም ነበረበት። ሥራ የሚጠፋበትን ወር የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ቢሆንም እነዚህ መኪኖች ከእኔ ዕድሜ በላይ ይኖራሉ፤ እኔ ስሞት በውስጣቸው ያለውን የሚያነብ ከሌለ እየጎተቱ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይወስዷቸዋል።

አሁን ለኮይሉ፣ ለሞተሪኖውና ለቻርጅ መብራቱ የተለያየ ቀለም እጠቀማለሁ። ንድፉን በወረቀት ሥዬ በላስቲክ አሽጌ ኮፈኑ ሥር እለጥፋለሁ። የድሮዎቹ ግን አሁንም በየሰፈሩ አሉ። በእኔ እጅ የተጠቀለለ 404 ያላችሁ ሰዎች መኪናችሁን አምጡልኝ፤ ያለ ክፍያ ፈትቼ በቀለም እዘረጋዋለሁ። ሙያውን መማር የሚፈልግ ልጅ ካላችሁም ይዛችሁት ኑ፤ ናስትሮውን የሚፈታው እሱ ይሁን።