በኅዳግ ላይ የተጻፈ ሂስ

ስለ ልብ ወለድ ድርሰት የሚሰጥ አስተያየት፣ ስም ሲኖረውና ስም ሳይኖረው አንድ አይደለም። ስም ያለው አስተያየት በመጽሐፍ ምረቃ ዕለት፣ ደራሲው ከፊት ወንበር ተቀምጦ እያዳመጠ፣ ከመድረክ ይነገራል። ተናጋሪው የደራሲውን ድካም ያወሳል፤ የቋንቋውን ውበት ያደንቃል፤ ጥቃቅን የፊደል ግድፈቶች መኖራቸውን በፈገግታ ጠቅሶ ይወርዳል። ይህን ወግ አላጥላላም። በአገራችን መጽሐፍ ማሳተም ዕዳ የሚያስገባ ሥራ ነውና፣ ዕዳ የገባን ሰው በዕለቱ ማመስገን ደግነት ነው። ነገር ግን ስለ ድርሰት ከሰማኋቸው እውነተኛ ቃሎች መካከል ከአዳራሽ ያገኘኋቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹን ያነበብኳቸው ባለቤታቸው በማይታወቅ የእጅ ጽሑፍ፣ በኪራይ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ነው።

በ1980ዎቹ መገባደጃ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራዩ ጠባብ ሱቆች ነበሩ። አዲስ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ፣ ወታደር፣ የቤት ሠራተኛ፣ የቢሮ ተላላኪ፣ መያዣ አስይዞ በቀን ሒሳብ ይከራያል። የሱቁ ባለቤት መጽሐፉን በካኪ ወረቀት ይለብደዋል፤ የተከራዩን ስም በደብተር ይመዘግባል፤ በመጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል መሆኑንም በግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ይህን የመጨረሻውን የሚያከብር አልነበረም። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን»፣ ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸው የስለላ መጻሕፍት፣ ሌሎችም በየእጁ የሚዞሩ ልብ ወለዶች ሁሉ ወደ እኔ የደረሱት በሌሎች ሰዎች አስተያየት ተከበው ነበር።

ከአስተያየቶቹ አንዳንዱ ተራ ተንኮል ነበር። በአንድ የወንጀል ታሪክ ገና በአሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «ገዳዩ ሾፌሩ ነው» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አገኘሁ። ከሥሩ ሁለተኛ ሰው የጸሐፊውን ዘር ማንዘር ረግሟል። ከዚያም በታች ሦስተኛው በደቃቅ እርሳስ፣ «አትስሙት፤ ሾፌሩ በመካከል ይሞታል» ሲል አጽናንቷል። እኔም አንብቤ ስጨርስ ሾፌሩ እንደ ሞተ፣ ገዳዩም እርሱ እንደ ነበረ ተረዳሁ፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው ኖሯል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ተያይተው አያውቁም። ሆኖም በአንዲት ገጽ ጥግ ተሰብስበው ስለ አንድ ታሪክ ተከራክረዋል። ይህን ከውይይት በታች በሆነ ስም መጥራት አይቻለኝም።

ከሁሉም ይልቅ አብሮኝ የቀረው ግን አንድ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተጻፈ አስተያየት ነው። የመጽሐፉን ስም አላነሣም፤ ታሪኩ በጊዜው የተለመደ ነበር። አንዲት የቡና ቤት ሴት አንድን የተማረ ወጣት ትወዳለች፤ ስለ ሕይወት ከንቱነት ረጅም ንግግር ታደርጋለች፤ በመጨረሻም ሳል ይይዛትና፣ ወጣቱ በንጹሕ ኅሊና ወደ እጮኛው ይመለስ ዘንድ ትሞትለታለች። በመጀመሪያው ረጅም ንግግር አጠገብ አረንጓዴው ቀለም፣ «እኛ እንዲህ አንናገርም» ይላል። ጸሐፊዋ ማን እንደ ሆነች፣ ከየት ቆማ እንደምታነብ የተረዳሁት ከዚህች «እኛ» ነው። ጥቂት ገጾች እልፍ ብሎ ሴትዮዋ ሥራዋን ትታ ከወጣቱ ጋር ወር ስትሰነብት፣ «የቤት ኪራዩን ማን ከፈለ?» ትላለች። በሁለተኛው ምዕራፍ ሴትዮዋ አንድ ሕፃን እንዳላት ተጠቅሶ ነበር፤ ደራሲው ኋላ ረሳው። አንባቢዋ ግን አልረሳችም። በየምዕራፉ ራስጌ «ልጁስ?» እያለች ትጠይቃለች፤ አምስት ጊዜ ያህል ቆጥሬአለሁ። በሞቷ ገጽ ላይ ደግሞ፣ «ገደልካትና ተገላገልክ» ብላ ብዕሯን አስቀምጣለች።

ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል በዩኒቨርሲቲ ብዙ ተምሬአለሁ፤ መምህራኖቼንም አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ተውኔት ስጽፍ ከጎኔ ቆሞ የሚሟገተኝ ያ አረንጓዴ ቀለም ነው። ይህ ሰው በምን ይተዳደራል? ልጁ የት አደረ? ይህ ሞት ለታሪኩ አስፈለገ ወይስ ለእኔ ቀለለኝ? በልብ ወለዶቻችን ውስጥ የቡና ቤት ሴት ስንት ጊዜ ለሌላው ሰው ንጽሕና ስትል እንደ ሞተች ቢቆጠር፣ የአንባቢዋ ቁጣ የአንድ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። ስለ ጭቁኑ እንጽፋለን ስንል የኖርን ደራስያን፣ የተጻፈላት ሴት ራሷ አንብባ ምን እንዳለች የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የተውኔት ጸሐፊ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ተመልካቹ ሲሰለቸው ያስላል፤ ወንበሩ ይንቋቋል፤ ማሳዘን ባለበት ትዕይንት ላይ ከኋላ ረድፍ ሳቅ ይሰማል። ፍርዱ እዚያው ነው። የልብ ወለድ ደራሲ ግን አንባቢው በየትኛው ገጽ ላይ እንዳዛጋ በምን ያውቃል? ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እንደ ተውኔት ተመልካች አገኘ ማለት ይቻላል። ታላላቆቻችን እንደሚያጫውቱን ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ያደምጥ፣ ሲያበቃም ይሟገት ነበር። የበዛብህን መሞት እስከ ዛሬ ይቅር ያላሉ አንዲት ባልቴት አውቃለሁ። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን የሰብለ ወንጌልን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ሲነቅፉ ለሰማ፣ ከአንድ የታሪክ መምህር ባላነሰ ሥርዓቱን አብጠርጥረው ያውቁታል።

ስም አለመጻፍ ፈሪነት ነው የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የማስታውሳቸው «ኦሮማይ»ን ነው። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በአንባቢ እጅ የቀረው ቅጂ ከቤት ወደ ቤት እየተደበቀ ዞረ። ሰዉም ገጸ ባሕርያቱን ከጊዜው ባለሥልጣናት ጋር እያመሳከረ በሹክሹክታ አነበበው። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ደራሲው ለጻፈው እንዲህ በሚከፍልበት አገር፣ አንባቢው ለአስተያየቱ ፊርማ እንዲያኖር መጠየቅ ፍትሕ አይመስለኝም።

አንባቢ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው «አደፍርስ» ለብዙ አንባቢ ከብዶት ነበር፤ ዛሬ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ያለውን ከፍ ያለ ስፍራ የሚክድ የለም። ቢሆንም «ከበደኝ» ያለው አንባቢ አልዋሸም፤ በእርግጥ ከብዶታል። ስሕተቱ የሚጀምረው «ስለዚህ ዋጋ የለውም» ሲል ነው። ሃያሲውም በተራው፣ ሕዝብ የተሻማበትን መጽሐፍ፣ ለምሳሌ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ»፣ ሰው ምን ፈልጎ እንደ ተሻማበት ሳይጠይቅ «ተራ» ብሎ ካለፈው፣ ያንኑ ስሕተት ከወዲያኛው ወገን ይደግመዋል።

መምህራን ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡ ስለማውቅ አንድ ነገር ልጨምር። በክፍል ውስጥ ተማሪውን የምንጠይቀው የድርሰቱን ጭብጥ ነው፤ እርሱም ከሰሌዳ ገልብጦ ይመልስልናል። ባነበብኳቸው የኪራይ መጻሕፍት ሁሉ ኅዳግ ላይ «ጭብጥ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አላየሁትም። የት ላይ ሰለቸህ? የትኛውን ሰው አላመንከውም? ብለን ብንጠይቀው፣ ስሙን ሳይጽፍ በብጣሽ ወረቀት እንዲመልስ ብንፈቅድለት፣ ከአረንጓዴው ቀለም ጋር የሚተካከል ነገር በየክፍሉ ተቀምጦ እናገኛለን ብዬ አምናለሁ።

በሰፈሬ የነበረው የኪራይ ሱቅ ዛሬ የስልክ መሸጫ ሆኗል። እኔም አሮጌ መጽሐፍ ወደሚሸጥ አንድ ወጣት ዘንድ እመላለሳለሁ። ልጁ የሰው ጽሑፍ ያለባቸውን በላጲስ እየፈተገ ሲያጸዳ አግኝቼው፣ እነዚያን ሳይነካ ለብቻ እንዲያኖርልኝ ለመንኩት። መጀመሪያ ዋጋ ለማስቀነስ የዘየድኩት መስሎት፣ «ጋሼ፣ ቆሽሿል ብለው እንዳይከራከሩኝ» አለኝ። አሁን ገብቶታል፤ የተጻፈበትን ከንጹሑ አሥር ብር አስበልጦ ይሸጥልኛል።