ወፍጮና ጉልበት

እኛ የወልቂጤና የቡታጅራ ልጆች፥ ያውም የአርት ተማሪዎች፥ ስለ ማዕድን አፈጫጨት ስንጽፍ የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን «በሥራችን ገባችሁ» ብለው እንዳይቀየሙን እንለምናለን። ነገሩ ከፋብሪካ አስቀድሞ ከእናቶቻችን ክንድ የጀመረ ስለሆነ እኛንም ይመለከተናል።

በማዕድን ሥራ ውስጥ ብዙ ኀይል ከሚበሉት አንዱ መፍጨት ነው። በጉጂ ምድር እንደ ለገደንቢ ባለው ስፍራ ወርቁ በዐለት ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ፥ ዐለቱ ሳይደቅ አይለቅም። በዓለም ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ በመቶ ከ2 እስከ 4 የሚሆነው ድንጋይ ለመስበርና ለመፍጨት እንደሚውል ይገመታል። የብረት ኳስ የሚንከባለልበት ትልቁ በርሜል ከሚወስደው ኀይል አብዛኛው ሙቀትና ጩኸት ሆኖ ይቀራል፤ ድንጋዩን የሚሰብረው ጥቂቱ ነው። አሜሪካዊው ፍሬድ ቦንድ በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት፥ የብናኙን መጠን ወደ ሩብ ለማውረድ የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከሚፈለገው በላይ ማድቀቅ ኀይልን በከንቱ ማቃጠል ነው።

የማረቆን በርበሬ ወደ ቡታጅራ ወፍጮ ቤት የምትወስድ እናት ይህን በቀመር አትጽፈውም፤ በእጇ ግን ታውቀዋለች። እርጥብ ነገር ይለጠጣል እንጂ አይሰበርምና በርበሬውን አስቀድማ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። በሙቀጫ ወቅጣ ትሰባብረዋለች። ከተፈጨ በኋላ በወንፊት ነፍታ ያልደቀቀውን ብቻ ትመልሳለች። ለቂንጬ ሽርክት ሲበቃ እህሉን አታልመውም። ባለወፍጮውም ድንጋዩ ሲለዝብ ይወቅረዋል፤ የለዘበ ድንጋይ ይሞቃል እንጂ አይፈጭም።

የዘመኑ ምህንድስናም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ክላውስ ሸነርት የተባለው ጀርመናዊ ምሁር ድንጋዩን በሁለት ከባድ ጥቅልሎች መካከል በብርቱ ግፊት የሚጨምቅ መኪና አሰበ። መኪናው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በሲሚንቶ፥ ኋላም በማዕድን ሥራ ገባ። የተጨመቀው ድንጋይ ውስጥ ውስጡን ስለሚሰነጠቅ ቀጥሎ የሚፈጨው ወፍጮ ይቀልለታል። ሙቀጫው መሆኑ ነው። የደቀቀውን ፈጥኖ የሚለየው ሳይክሎን ደግሞ ወንፊቱ ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በፋብሪካ የባከነ ኀይል በሒሳብ መዝገብ ይገባል። በቤት የባከነው በማን ወገብ እንደ ገባ ግን የመዘገበ የለም። የሞተር ወፍጮ ሳይመጣ መጁን ስትገፋ ያነጋችው ሴት ናት። ዛሬም እህሏን ተሸክማ ወልቂጤ ደርሳ፥ መብራት ጠፍቶ ወረፋ ስትጠብቅ የምትውለው እሷው ናት። ስለ ኀይል ቁጠባ የሚናገር ትምህርት እሷን ካልቈጠረ ሒሳቡ ጐደሎ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ዕረፍት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የኢንጂነሪንግ ወንድሞችና እኅቶች ከእኛ ጋር ወደ አንድ ወፍጮ ቤት ይምጡ። ድንጋዩ ከመወቀሩ በፊትና በኋላ፥ አንድ ኩንታል እህል ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ከቆጣሪው ያንብቡ። እኛ ደግሞ ባለእህሏ ስንት ሰዓት እንደ ተጓዘችና ስንት ሰዓት እንደ ጠበቀች ጠይቀን እንጽፋለን። ሁለቱም ቁጥሮች በዚሁ መጽሔት ባንድ ገጽ ይውጡ።